ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ

ቀጠሮው ዘጠኝ ሰዓት ነው። አሁን አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል፣ ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም፣ ቢያንስ ጋደም ልበል ብዬ መጋረጃውን ዘግቼ ተዘርሬያለሁ፣ ግን ፀሐይዋ የት አባቷ ትሂድ፣ በመጋረጃው ጠርዝ ሾልካ ገብታ የሥራ ጫማዬ ላይ ተቀምጣለች። ከላይ ያለው ተከራይ ዕቃ ይጎትታል፤ ሁልጊዜ ዕቃ ይጎትታል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ለአንድ አልጋ ቦታ ያጣ ሰው ነው። ስልኬ ደረቴ ላይ ነው። ሥራ የሚደለድለን ይኸው ስልክ ነው፤ አለቃ የሚባል ሰው ፊቱን አይቼ አላውቅም፣ ብቻ ድንገት ጢው ይላል፣ «ሆስፒታል፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ አማርኛ፣ ዘጠኝ ሰዓት» ብሎ ይጽፋል፣ ከሥሩ ለመቀበል አረንጓዴ፣ ለመሰረዝ ቀይ ምልክት ያወጣል። አረንጓዴውን ከአምስት ቀን በፊት ነክቼዋለሁ። ቀዩን እስከ ሰባት ሰዓት ድረስ መንካት እችላለሁ፤ ለምን የሚል የለም፣ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ እንኳ አላበጁለትም። ከነካሁት ሥራው ወዲያው ለሌላኛው አስተርጓሚ ይሄዳል፣ «ቀጥታው» ለምንለው ሰውዬ። ቀጥታው ያልነው ሐኪም ያለውን ሁሉ እንደ ጡብ አንስቶ በሽተኛው ጭን ላይ ስለሚጥል ነው። አንዷን እናት «እግርዎ ይቆረጣል፣ ሌላ ጥያቄ አለዎት?» ብሏቸዋል እየተባለ ስንስቅበት ኖረናል፣ ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነኝ። ይኸው እሱ ለጥ ብሎ አድሯል፣ የምገላበጠው እኔ ነኝ።

የሠራሁትን ነገር ለራሴም ቢሆን በሥርዓቱ ልናገረው። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። ይህን ቃል ሥራ ስንጀምር ፈርመንበታል፤ የተባለውን ሁሉ፣ የተባለውን ብቻ። አሠልጣኛችን ቀጭን ሴትዮ ነበረች፣ «እናንተ ቧንቧ ናችሁ፣ ውሃው የናንተ አይደለም» ትለን ነበር። ሐኪሙ «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» እላለሁ፣ በሽተኛው «እኔ» ሲል እኔም «እኔ» እላለሁ። ራሴ የምለው ነገር ሲኖረኝ ግን «እኔ» ማለት አልችልም፣ ስለ ሌላ ሰው እንደሚያወራ «አስተርጓሚዋ» ማለት አለብኝ። «ስትሳሳቱ እዚያው፣ ወዲያው፣ አስተርጓሚዋ ተሳስታለች በሉ» አለችን። ያን ጊዜ በክርናችን እየተጎሻሸምን «አስተርጓሚዋ ሽንት ቤት መሄድ ፈልጋለች» እያልን ስቀናል። እዚያው፣ ወዲያው። ይኸው ሃያ አንድ ቀን ሆነኝ።

የዛሬው ቀጠሮ በሽተኛ፣ ሽማግሌው፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት መሪ የያዙ፣ ልጃቸው ዘንድ ከመጡ ሁለት ዓመት ያልሞላቸው፣ የዚህን አገር ቋንቋ ከሰላምታ በላይ ያልደፈሩ። ልጃቸው ቋንቋውን ከኔ በላይ ትችላለች፣ ግን የሆስፒታሉ ደንብ ዘመድ እንዲያስተረጉም አይፈቅድም፤ ዘመድ ይራራል ብለው ነው፣ ባዕድ አይራራም ብለው ነው እኔን የላኩት። የዛሬ ሃያ አንድ ቀን ገና ከበሩ ሲያዩኝ «ነይ፣ የኔ ምላስ» አሉኝ፣ ከዚያ በኋላ ስሜ «ምላሴ» ሆኖ ቀረ። ወደ ሐኪሟ ክፍል ልንገባ ስንል ልጃቸው እጅጌዬን ይዛ ወደ ውሃ መጠጫው ጎተተችኝ። «እህቴ፣ በፈጠረሽ፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ» አለችኝ። «ውጤቱን በኮምፒውተር አይቼዋለሁ። እንዳትነግሪው።» ሥራዬ ነው፣ አልችልም፣ አልኩ፤ ወይም ልል ነበር። «እንደ አባትሽ እይው» አለች፣ «በተስፋ ነው የቆመው፣ ተስፋውን ከነጠቅሽው በሳምንቱ ነው የሚወድቅብኝ።» አልመለስኩላትም። ዝምታዬን እሺታ አደረገችው። ምናልባትም ነበር።

ሐኪሟ ወንበሯን አቅርባ እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየች ተናገረች፤ ጉበትዎ ላይ ያለው ካንሰር ነው፣ ተሰራጭቷል፣ ልናድነው አንችልም፣ ሕመሙን ግን እናስታግሳለን፣ የቀረዎት ጊዜ በወራት የሚቆጠር ነው፣ አገርዎ መሄድ እንደሚፈልጉ ባለፈው ነግረውኛል፣ መሄድ ከፈለጉ በሚቀጥሉት አራት ሳምንታት ውስጥ ይሂዱ፣ ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ላይ እንዲወጡ መፍቀድ አልችልም። ይህን ሁሉ አለች። እኔ ያልኩት ደግሞ ይህን ነው፦ «ጉበትዎ ላይ ቁስለት አለ። ጊዜ ይፈልጋል። መድኃኒት እንሰጥዎታለን። አይዞዎት።» አይዞዎት የሚለው ከራሴ ነው። ያን ሁሉ ንግግር በጥቂት ቃል መጨረሴ አልገረማቸውም፣ «አይ የነሱ ቋንቋ፣ እንዴት ይንዛዛል!» ብለው ሳቁ። «ታዲያ አገሬ መቼ ልሂድ? በያት እስቲ» አሉ። ተረጎምኩ። ሐኪሟ «በቶሎ፣ በዚህ በሁለት በሦስት ሳምንት» አለች። እኔ «ሲድኑ» አልኩ። ልጃቸው መሬት መሬቱን ታያለች። በመጨረሻ ሐኪሟ የነገረቻቸው ገብቷቸው እንደሆነ ጠየቀች፣ ጠየቅኳቸው፣ «ገብቶኛል» አሉ፣ «ገብቶኛል» ብዬ ተረጎምኩ። በዚያ ቀን ካልኩት ሁሉ በትክክል የተረጎምኩት እሱን ነው።

እንደዚያ ሆኖ ቢቀር ምናልባት እተኛ ነበር። ሆድ ይፍጀው ብዬ እተወው ነበር፣ የሰው ልጅ ስንቱን በሆዱ ይዞ ይተኛል። ግን ከአምስት ቀን በፊት ለሌላ በሽተኛ ላስተረጉም ደም ከሚወሰድበት ክፍል ደጃፍ ስደርስ «ምላሴ!» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል፣ ብቻቸውን፣ ኮታቸው ከሳቸው ሰፍቷል። ቀበቶአቸውን አሳዩኝ፣ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በስተውበታል፣ «ወጣት ሆንኩልሽ እኮ» አሉኝ። ከዚያ ነገሩን ነገሩኝ፣ ባልጠይቃቸውም። ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ከተኳረፉ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፣ በምን ቢሉ በልጃቸው ሠርግ ጥሪ፣ ጥሪውን እንዲያደርስ የተላከው ሰው መንገድ ላይ ረስቶት አደረ፣ ወንድምየው ናቁኝ አለ፣ እሳቸው መጥቶ ይጠይቀኝ አሉ፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመት። «በስልክ ታረቁ ይሉኛል» አሉ፣ «ታላቄ ነው፣ ጉልበቱን መሳም አለብኝ። በስልክ ጉልበት ይሳማል እንዴ?» መቼ ሊሄዱ ነው አልኳቸው። «ሐኪሟ ስትድን ብላኝ የለ፣ ብርዱ ሲያልፍ ከአምስት ወር በኋላ ልሄድ ነው፣ ልጄ ቀኑን ይዛልኛለች። እሱም ዕድሜው ገፍቷል፣ እንዳይቀድመኝ ነው እንጂ ፍርሃቴ እኔስ ደህና ነኝ።» እንዳይቀድመኝ አሉ። እኔ ቆሜ ሰማሁ፣ ሰማኋቸውና «ደግ ነዋ አባባ» አልኩ። ደግ ነዋ! አፌን ቢቆርጡት ምናለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ የሳቸውን ቀጠሮ ይዞ ጢው ሲል አረንጓዴውን የነካሁት ለዚህ ነው፤ ምን እንደማደርግ አውቄ አይደለም፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

አምስት ሰዓት ሞላ። ከላይ ያለው ሰው ዕቃውን አቁሟል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ትል ነበር እናቴ፣ እሷ እንኳን ቃል ጨውም አታባክንም፣ በሷ ላይ የደረሰው ግን እንዲህ ነበር። ጉልበቷን ያማት ነበርና ቅባት ገዝቼ ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው እልክላታለሁ፣ ሁለት ቱቦ፣ ጠዋትና ማታ ይቀባ ብዬ በትልልቅ ፊደል ጽፌበታለሁ። ስደውል ታላቅ ወንድሜ ያነሳል፣ ተኝታለች ይለኛል፣ ጎረቤት ሄዳለች ይለኛል፣ ጥርሷን ተነቅላ መናገር አትችልም ይለኛል። ቅባቱስ እላለሁ፣ «ቀብቻታለሁ፣ ተሻላት፣ ተባረኪ ብላሻለች» ይለኛል። ለካ ያኔ እናቴ ከተቀበረች ሁለት ወር አልፏታል። እኔ እዚህ አውቶቡስ እየጠበቅሁ ቅባቱ ረዳት ብዬ ደስ ይለኛል፣ ሁለት ቱቦ ልጨምር ይሆን እያልኩ አስባለሁ። አራተኛው ወር ላይ አንድ እሑድ ጠዋት በሬ ተንኳኳ፣ ስከፍት የማውቃቸው ሦስት ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ቆመዋል፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ገባኝ። ሐዘኑ አንድ ነገር ነው። ያ ያላወቅሁበት አራት ወር ግን፣ ስስቅ የነበርኩበት፣ ፀጉሬን ስሠራ የነበርኩበት፣ እሱን ማን ይመልስልኛል? የኔን አራት ወር ማን ወሰደው? እያልኩ ጮህኩ። ያኔ እንደዚያ የጮህኩት እኔ ነኝ። ይኸው ደግሞ እኔው።

ስልኩን አንስቼ ለወንድሜ ደወልኩ። መምህር ነው፣ በዚህ ሰዓት ክፍል ውስጥ እንደሚሆን አውቃለሁ፣ ቢሆንም።

«ሃሎ? ደህና ነሽ? ምነው በዚህ ሰዓት?»

«ደህና ነኝ ጋሼ። አንድ ነገር ልጠይቅህ።»

«ጠይቂኛ። ልጆቹ ፈተና ላይ ናቸው፣ በረንዳ ላይ ወጥቼልሻለሁ። ቶሎ በይ፣ ጀርባዬን ስሰጥ መጠያየቅ ነው ሥራቸው።»

«እማዬ ስትሞት ለምን አራት ወር ደበቅኸኝ?»

ከበስተጀርባው የልጆች ሹክሹክታ ይሰማኛል፣ በእርግጥም እየተጠያየቁ ነው።

«አሁን ይሄን ምን አመጣው?»

«ንገረኝ ብቻ።»

«ብቻሽን ነሽ ብዬ ነዋ። ማን ይደግፋታል፣ ማን ውሃ ያቀብላታል ብዬ። ሰዉም ሁሉ እንደዚያው አለ።»

«ይሄን ነግረኸኛል። ሌላውን።»

«ሌላ ምን አለ?» አለ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ፣ የአስተማሪ ድምፁ ጠፋ። «በቀብሯ ማግሥት ደውዬልሽ ነበር። ልነግርሽ ብዬ። አንቺ ሃሎ እንኳ ሳትይ 'እማዬን አቅርብልኝ፣ የምትስቅበት ወሬ አለኝ' አልሽኝ። አፌ እምቢ አለኝ። ነገ እላለሁ አልኩ። በነጋታው ደግሞ የትናንቱን ውሸት መናዘዝ መጣ፣ ባሰ። ላንቺ ብዬ ነው እያልኩ ለሰው አወራሁ እንጂ ላንቺ አይደለም እቴ። ለራሴ ነው። ጩኸትሽን መስማት ፈርቼ ነው።»

«ቅባቱስ?»

«ቅባቱ… ቁምሳጥኑ ውስጥ አለ። አልተከፈተም። እየደጋገምኩ እጥለዋለሁ እላለሁ፣ ጽሕፈትሽ አለበት።» ከዚያ «አንተ፣ ወደ ወረቀትህ!» ብሎ ጮኸ፣ ለተማሪው ነው፣ ድምፁ ግን ተሰብሯል።

ከዘጋሁት በኋላ ለብዙ ጊዜ ጣሪያውን አየሁ። ተናድጄበት ነበር፣ ዓመታት ተናድጄበት ነበር፣ አሁን ግን ያ ሰው ቁምሳጥን ከፍቶ ቅባት እያየ የሚዘጋ ሰው ሆነብኝና አለቀስኩ። ላንቺ አይደለም፣ ለራሴ ነው። እኔስ ለማን ነው? ለልጃቸው ብዬ ነው አልኩ፣ ስትለምነኝ። ለሳቸው ብዬ ነው አልኩ፣ ተስፋቸው። ውሸቴን ነው። ያን ቀን ሐኪሟ «ካንሰር» ስትል ሽማግሌው ሐኪሟን አላዩም፣ እኔን ነው ያዩት፣ ፈገግ ብለው፣ ምን አለችሽ በሚል ዓይን፤ ያ ፈገግታ በኔ ቃል ሲወድቅ ማየት አልፈለግሁም። እዚያች ላይ ነው ነገሩ። ግን ደግሞ ልጅየዋ እውነቷን ቢሆንስ? ነግሬያቸው ነገ ቢወድቁስ? ከሥራ እባረራለሁ፣ እሱ ቁርጥ ነው፣ የመኖሪያ ፈቃዴም በዚህ ሥራ ነው የተንጠለጠለው፣ ይህንን የማስበው ለሳቸው ነው ለራሴ? ይኸው፣ አንዴ ከጠየቅሽ ማቆሚያ የለውም። ቀዩን ብነካ ቀጥታው ይሄዳል፣ እውነቱን ይነግራቸዋል፣ እኔም ንጹሕ፣ እሳቸውም ያውቃሉ፣ ማን ተጎዳ? ነገር ግን ቀጥታው ዛሬ የሚባለውን ነው የሚተረጉመው፣ ያኔ የተባለውን አያውቅም። ሐኪሟ ባለፈው ነግሬያቸዋለሁ ብላ ታልፈዋለች። አራት ሳምንት ብላ እንደነበር፣ ሃያ አንዱ እንዳለቀ፣ ይህን የሚያውቁ በዓለም ላይ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ አታወራም፣ አንዷ ያወራሁ ይመስላታል። ሦስተኛዋ እኔ ነኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል። ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ስድስት ከሃምሳ። አውራ ጣቴ ከቀዩ ምልክት በላይ ነው፣ አይነካም፣ አይነሳም። ሰባት ሰዓት ሲሆን ምልክቱ ጠፋ፣ እንዲያው ድምፅም ሳያሰማ። የወሰንኩት እኔ ነኝ ወይስ ሰዓቱ? ጫማዬን ከፀሐይዋ ሥር አንስቼ አደረግሁ፣ ሞቆ ነበር።

አሁን ሦስተኛ ፎቅ ነኝ፣ ውሃ መጠጫው አጠገብ፣ ስምንት ሰዓት ከአርባ አምስት። ልጃቸውን ለብቻዋ ጠራኋት፤ እዚያ ውስጥ ድንገት ከምትሰማው ብዬ። «ዛሬ የተባለውን ሁሉ እናገራለሁ» አልኳት፣ «ያኔ የተባለውንም። መጀመሪያ አንቺ እወቂው ብዬ ነው።» ፊቷ ወይቦ «አባቴን ትገድይዋለሽ» አለችኝ። «ሊሆን ይችላል» አልኩ። «አንቺም እኔም አናውቅም። ከወንድማቸው ጋር ግን የተጣሉት እሳቸው ናቸው እንጂ እኛ አይደለንም፤ መቼ እንደሚታረቁ የምንወስነው እኛ ነን እንዴ?» ልትመታኝ መስሎኝ ነበር። ዞራ ሄደች፣ አባቷ አጠገብ ተቀመጠች፣ የኮታቸውን ኮሌታ አስተካከለችላቸው።

ተጠርተን ገባን፣ ሐኪሟ ወንበሯን ታቀርባለች። እሳቸው «ምላሴ፣ ዛሬ ደግሞ ዓይንሽ ቀልቷል፣ ማን ነካብኝ?» ይላሉ። መጀመሪያ በነሱ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በኛ፣ ያን ስንስቅበት የኖርነውን አነጋገር ተናገርኩ። «አስተርጓሚዋ መናገር ትፈልጋለች። ባለፈው ቀጠሮ አስተርጓሚዋ የተባለውን አልተናገረችም። ቀንሳለች፣ ከራሷም ጨምራለች። ተሳስታ አይደለም፣ አውቃ ነው። ሐኪሟ የተናገሩት ሙሉ ቃል ይህ ነበር።» ከዚያ አልኩት፣ አንድ በአንድ፣ ካንሰሩን፣ ወራቱን፣ አራቱን ሳምንት፤ «ሲድኑ» ያልኩት የኔ እንጂ የሐኪሟ እንዳልነበረም። ሐኪሟ መነጽሯን አውልቃ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔን አየችኝ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፣ እንደገና አነሱት። ከዚያ በጣም በቀስታ «አራት ሳምንት ያኔ ነው» አሉ። «አሁንስ? ጠይቂያት።» ጠየቅሁ። ሐኪሟ ዓይናቸውን ገልጣ አየች፣ ሆዳቸውን በእጇ ነካች፣ እግራቸውን ተጭና አየች። «በዚህ ሳምንት ከሆነ ፈርሜ እልካቸዋለሁ» አለች። «ከዚያ በኋላ ቃል አልገባም።» ተረጎምኩ።

«አንድ ሐሙስ ቀርቶኛል በይኛ» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ልጃቸው ፊቷን በሁለት እጇ ይዛለች። ሐኪሟ ለአየር መንገዱ የሚሰጠውን ደብዳቤ እዚያው ጻፈች፣ አተመች፣ ፈረመች፤ ስለኔ ለአለቆቼ ሪፖርት እንደምታደርግ ተናገረች፣ እሱንም ተረጎምኩላቸው፣ የተባለ ነውና። ሽማግሌው ያን ጊዜ ወደ ሐኪሟ ዞሩ። እኔን አላዩኝም።

«ለሷ ንገሪያት» አሉ። «እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሰው ጭኜ ዕቃ ጭኜ ነድቻለሁ። ፍሬን እንደተበጠሰ አውቆ ለሹፌሩ የማይነግር ረዳት አላጋጠመኝም። ይህች ልጅ ሃያ አንድ ቀኔን በልታብኛለች። ወንድሜን በሕይወት ደርሼ ካገኘሁት እግዜር ይቅር ይበላት፣ ካልደረስኩ ግን አልማርኳትም። እዚህም ሆነ እዚያ አልማርኳትም። በያት።»

«እኔ» ብዬ ጀመርኩ በነሱ ቋንቋ፤ ደንቡ ነው፣ እሳቸው «እኔ» ካሉ እኔም «እኔ» ነኝ። ስለ ፍሬኑ ተናገርኩ፣ ስለ ረዳቱ፣ ስለ ሃያ አንዱ ቀን። «ይህች ልጅ» ስል እጄ ወደ ራሴ ሄደ። «አልማርኳትም» የሚለው ላይ ስደርስ በነሱ ቋንቋ ለስለስ ያለ ቃል ነበረ፣ አውቀዋለሁ፣ ምላሴ ጫፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ጠንካራውን አልኩ። ሁለት ጊዜ ብለዋልና ሁለት ጊዜ አልኩ።

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ልጄ» አሏት፣ «አንቺ ታውቂዋለሽ ቋንቋውን። ያልኩትን ሁሉ አለቻት?»

ልጃቸው እጇን ከፊቷ ላይ አነሳች። እኔን አየችኝ፣ አባቷን አየች።

«ሁሉንም ብላታለች አባዬ» አለች። «አንድም አላስቀረችም።»

እሳቸው ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ ከጠረጴዛው ላይ ደብዳቤውን አነሱና ወደኔ ዘረጉልኝ።

«እንግዲያው ምን እንደሚል እሷ ታንብብልኝ» አሉ።